«ጠባብ ቤት ለእኛ አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ስለ ጠባብ የከተማ ቤቶች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከአምስት ሰዎች ደርሶኛል። ከላኩልኝ መካከል ሁለቱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አንደኛዋ ከሥሩ «አንተ ቤት ነዳፊ አይደለህ፣ ለዚህ ምን መልስ አለህ?» የሚል መስመር ጨምራበታለች። የምተዳደረው የመኖሪያ ቤት ንድፍ በመሥራት ነው፤ የምኖረው ደግሞ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር በ52 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ጥያቄው በሙያም በኑሮም ስለሚመለከተኝ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ መርጫለሁ።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላቅርብ። መነሻቸው በአያት፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ተሰልፈው የሚታዩት ሕንፃዎች ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል ጠባብ ቤት ቡና አፍልቶ ጎረቤት ለሚጠራ፣ እንግዳ ለሚያሳድር፣ እንጀራውን በቤቱ ለሚጋግር ሕዝብ ባዕድ ነገር ነው። እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ የሚለዋወጥ ቤት መሥራት ይቻላል መባሉም፣ ኮንክሪት ስለማይለወጥ፣ ከወረቀት የማያልፍ ሐሳብ ነው ይላሉ። ትንሽ ቤት ርካሽ ነው የሚለውን በካሬ ዋጋ አስልተው ሐሰት ያደርጉታል፤ ለአካባቢ ተስማሚ ግንባታን የሀብታም አገር ቅንጦት ይሉታል፤ በመጨረሻም በከተማዋ ዳርቻ ሰፊ መሬት ስላለ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 175 ካሬ ቦታ ተሰጥቶት ግቢ ያለው ቤት ይሥራ ብለው ይደመድማሉ። በመሃል ስለ ደረጃና ስለ አረጋውያን ሁለት መስመር ጽፈው ያልፋሉ፤ ወደ እርሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

ጸሐፊውን ለመጻፍ ያነሣሣቸው ቁጭት መሠረት ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን ባለ ቤት አድርጓል፤ ነገር ግን የሚገባበት ሰው አዲስ ሙሽራ ይሁን የልጅ ልጅ ያየ አዛውንት ሳይለይ፣ ጥቂት የንድፍ ዓይነቶችን ደጋግሞ አባዝቶ ነው ያስረከበው። በዚህ ቤት ኖሮ ያልተማረረ ሰው አላውቅም፤ እኔም ተማርሬ አውቃለሁ። የማልስማማው ምሬቱ በተነጣጠረበት ቦታ ላይ ነው። ቤቶቻችን የበደሉን ትንሽ ሆነው ሳለ እንደ ትልቅ ቤት ስለተነደፉ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ታጥሯል፤ ቤተሰቡ ሲያድግ፣ ሲቀንስ ወይም ሲያረጅ ምን እንደሚሆን በንድፉ ላይ አልተጠየቀም።

«ባዕድ ነው» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጋራው በዚህ ክፍል ልቡ ተነክቶ ይመስለኛል። ሰፊ ሳሎን፣ ለብቻው የተለየ የመመገቢያ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ መኝታ ቤት ከቪላ ጋር የመጡልን ናቸው። ከገጠር የመጣን የብዙዎቻችን አያቶች የኖሩት በአንድ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ጎጆ መደብ ነበረ፣ ቆጥ ነበረ፣ ጓዳ ነበረ። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አጎዛ ይነጠፍበታል። ቆጡ እህልና ዕቃ ይሸከማል፤ ጓዳው ከዋናው ክፍል የሚለየው በአጭር ግድግዳ ወይም በመጋረጃ ነው። ዛሬ አናጢ ቤት ገብተን ሥሩ ሣጥን የሆነ የግድግዳ ጥግ መቀመጫ ስናሠራ የምናሠራው ያንኑ መደብ ነው፤ ከመተላለፊያው በር በላይ እስከ ጣሪያው የሚቀረውን 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ዘግተን የብርድ ልብስና የሻንጣ ማስቀመጫ ስናደርገውም የሠራነው ቆጥ ነው።

የከተማ ምሳሌ ካስፈለገ ሐረር አለች። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጀጎል በግንቧ ውስጥ ያላት መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ስለሆነ ቤቶቿ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ቆመዋል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ዋናው ክፍል «ነደባ» የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ በመደቡ ይታወቃል፤ ዕቃው በግድግዳው ውስጥ በተቀረጹ ማስቀመጫዎች ይደረደራል፤ ወለሉን የሚይዝ ቡፌም ሆነ ሶፋ ስለሌለ አንዱ ክፍል እንደ ሰዓቱና እንደ ጉዳዩ ሥራውን ይለዋውጣል። በዚህ ቤት ውስጥ ሠርግም ተደግሷል፣ ሐዘንም ተቀምጠዋል፣ እንግዳም አድሯል። የሐረርን እንግዳ ተቀባይነት የሚጠራጠር ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም።

ጸሐፊው ልቅሶና ሠርግ በጠባብ ቤት የት ይደረጋል ብለው ያነሡት ጥያቄ ሌላ መልስ አለው። 500 ካሬ ግቢ ያለው ሰው እንኳ ሐዘን ሲደርስበት እድሩ ድንኳን የሚተክለው ግቢው ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ነው፤ ሦስት መቶ ለቀስተኛ ሳሎኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ማንም የለም። ስለዚህ ለማኅበራዊ ኑሯችን ወሳኙ በብሎክና በብሎክ መካከል ያለው ክፍት ቦታና የጋራ መገልገያ ቤቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ንድፍ ይህን አስቦበት ነበር፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ሕንፃ ከመኖሪያዎቹ ጋር አብሮ ተሠርቷል። በማውቃቸው በርካታ ሳይቶች ግን የጋራ ቤቱ ለሌላ አገልግሎት ውሏል፤ ክፍት ቦታውም በመኪና ተይዟል። የጸሐፊው ቁጣ እዚህ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

በእንጀራው ጉዳይ ግን ከፊል እውነታቸውን ልቀበል። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,800 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ17 አምፔር በላይ ሲሆን የቤታችን ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። በገባን በሦስተኛው ወር ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ የምጣዱን መሰኪያ እንደ ሙጫ ይዞት አገኘነው። ከዚያ በኋላ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር ያለው፣ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋ መስመር እስከ በረንዳው አስገባሁ። ምጣዱ አሁን ጎማ ባለው የብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ተጋግሮ ሲያበቃና ሲቀዘቅዝ ወደ ግድግዳው ይገፋል፤ አክንባሎው ይነሣና ጣውላ ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ የልብስ ማጠፊያ ጠረጴዛ ነው። እንፋሎቱ በበረንዳው ስለሚወጣ የሳሎኑ ግድግዳ እንደ በፊቱ አይሻግትም። የኤሌክትሪክ ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ይህ መስመር መጀመሪያውኑ በንድፉ ውስጥ ሊኖር ይገባው ነበር፤ ባለመኖሩም ንድፉ የሚጋገርበትን ቤት እንደማያውቅ ያሳያል። ነገር ግን በ300 ካሬ ቪላም ቢሆን ምጣድ በ16 አምፔር ሶኬት ከተሰካ መቅለጡ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ቤት ይለወጣል ወይስ አይለወጥም ወደሚለው እገባለሁ። ጸሐፊው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ተጣጣፊ አልጋንና ተንሸራታች በርን የችግር መሸፋፈኛ ያደርጓቸዋል። ተረቱን እቀበላለሁ፤ በሕንፃ ውስጥ ጉልቻው የቱ እንደሆነ ግን መለየት ያስፈልጋል። ከቦታቸው የማይነቃነቁት ሦስት ናቸው፦ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ) ከነስላቡ (ከኮንክሪት ወለሉ)፣ ደረጃው፣ እንዲሁም ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የውኃና የፍሳሽ መስመር። እነዚህን ማንም እንዳይነካቸው ከጸሐፊው ጋር አብሬ እሟገታለሁ። የእኛ ጂ+4 (ከምድር ቤቱ በላይ አራት ወለል ያላቸው) ሕንፃዎች ጭነታቸውን ወደ መሠረቱ የሚያወርዱት በኮንክሪት ኮለንና ቢም ነው፤ በቤቱ ውስጥ ክፍልን ከክፍል የሚለየው ብሎኬት ወይም አግሮስቶን (ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ) የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ኮንክሪት አይለወጥም» ሲሉ ስለ ሕንፃው አጽም እውነት ተናግረዋል፤ በአጽሙ መካከል ስላለው ነገር ግን ተሳስተዋል።

ከእኛ በላይ ባለው ወለል የሚኖሩት ባልና ሚስት ለዚህ ምስክር ናቸው። ጎጆ ሲወጡ ሁለት ብቻ ነበሩና ትንሹን መኝታ ቤት ለአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራዩት፤ በዚያ ኪራይ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ ደገፉ። ልጅ ሲወልዱ ተማሪዋ ወጣችና ክፍሉ ለሕፃኑ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚስትየው ታናሽ ወንድም ከደሴ ለሥራ መጣ፤ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጡት። በሳሎኑና በትንሹ መኝታ መካከል የነበረውን የአግሮስቶን ግድግዳ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቀን ነቀሉት። በምትኩ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የእንጨት ቁም ሣጥን አቆምን። በሳሎን በኩል የመጽሐፍና የቴሌቪዥን መደርደሪያ ነው፤ በመኝታው በኩል ወደ ላይ የሚታጠፍ አልጋ ይዟል፤ ከጎኑ ተንሸራታች በር አለ። ቀን በሩ ሲከፈት ሳሎኑ እስከ መስኮቱ ይዘልቃል፣ ማታ ሲዘጋ ወንድምየው የራሱ ክፍል አለው። አሮጌው ግድግዳ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ሴራሚክ ስላልነበረ አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ መስመር ቀርቶ ነበር፤ በቀጭን የእንጨት ዝርግ ሸፈንነው። አሁን ቤቱን የሚያይ እንግዳ ያ ዝርግ የመግቢያ ደፍ ይመስለዋል። ጠቅላላ ወጪው ሊገዙት አስበው ከነበረው ኮርነር ሶፋ ዋጋ አልበለጠም።

ይህን ስል ሁሉም ሰው መዶሻ ያንሣ ማለቴ አይደለም። የፍሳሽ ቧንቧ ለመደበቅ ቢም የተፈለፈለበት ቤት አይቻለሁ፤ ሽንት ቤቱን ወደ መኝታ ቤቱ አዛውሮ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ያረጠበም አውቃለሁ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው አካል የሆነው ኮለንና ቢም የነዋሪው ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ሊፈለፍለው አይችልም። የጸሐፊው ስጋት በዚህ ረገድ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ለእያንዳንዱ ቤት ተረካቢ ከቁልፉ ጋር አንድ ገጽ ንድፍ መስጠት ነው፤ የሚነካው ግድግዳ በአንድ ቀለም፣ የማይነካው በሌላ ቀለም ተለይቶ ቢቀመጥ አብዛኛው ጥፋት ይቀራል።

ነዳፊው ከሠራተኛው በፊት ሊሠራው የሚችለው ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን በሁለት ጫፎቹ ሁለት መስኮቶች ከተሰጡት ወደፊት ለሁለት መከፈል ይችላል፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ መስኮት ከተደረገለት ግን ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ አንድ ክፍል ሆኖ ይቀራል። የሁለቱ አማራጮች ዋጋ ተቀራራቢ ነው። ማዕድ ቤትና ሻወር በአንድ ጥግ ጀርባ ለጀርባ ቢሆኑ የቀረው ወለል ነፃ ይሆናል። መብራትና ሶኬት ሁለቱንም የክፍሉን ግማሾች አስበው ቢዘረጉ፣ ክፍሉ ሲከፈል ግድግዳ መቅደድ አያስፈልግም። እኔ ተለዋዋጭ ቤት የምለው ይህን ነው፤ ከውጭ የሚገባ ሞተር ያለው ግድግዳ አያስፈልገውም።

ቤትን ደረጃ በደረጃ ማሳደግም ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ከኋላ በኩል ሰርቪሱን ነው፤ እዚያ እየኖረ ዓመታት ያሳልፍና ገንዘብ ሲያገኝ ዋናውን ቤት ያቆማል፤ ከዚያም ሰርቪሱን ያከራያል፣ ወይም ልጁ ሲያገባ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺሊ ኢኪኬ ከተማ ለ93 ቤተሰቦች በግማሽ ሄክታር ላይ የተሠሩት ቤቶች የተመሠረቱት በዚሁ አካሄድ ነው፤ ቤተሰቡ 36 ካሬ ያህል የተጠናቀቀ ቤት ይረከባል፤ ከጎኑ የተተወለትን ክፍት ቦታ በራሱ አቅም ሞልቶ ወደ 70 ካሬ ገደማ ያደርሰዋል። ደረጃው፣ መሠረቱና የውኃ መስመሩ ቀድሞ ስለተሠራ ቤተሰቡ የሚጨምረው ቀላሉን ክፍል ነው።

የዋጋውን ነጥብ በአጭሩ ልመልስ፤ ስሌቱ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ማዕድ ቤት፣ ሻወርና የውኃ መስመር በ40 ካሬም በ80 ካሬም ተቀራራቢ ገንዘብ ስለሚፈጁ የትንሹ ቤት የካሬ ዋጋ ይወደዳል። ነገር ግን ሰው ቤት የሚገዛው በጠቅላላ ዋጋው ነው። የስላቡ፣ የብረቱ፣ የብሎኬቱ፣ የሴራሚኩና የቀለሙ መጠን በግማሽ ሲቀንስ ወርኃዊ ክፍያውም ይቀንሳል፤ ቁልፍ ተረክቦ በራሱ ገንዘብ ፊኒሺንግ የጨረሰ ማንኛውም ሰው የእያንዳንዷን ካሬ ትርጉም ያውቃል።

ለአካባቢ ተስማሚ መሆን ቅንጦት ነው የሚለው ደግሞ የተስማሚነት ትርጉም በፀሐይ ፓነልና በውጭ መስታወት ከመወሰኑ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየር ማቀዝቀዣ አያሻንም፤ የሚያስቸግረን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላልና በደቡብ መስኮት ገብቶ ወለሉንና ግድግዳውን ያሞቃል፤ ግድግዳውም የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ወደ ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን በግንባሩ ስለሚቀበል በበጋ ያፍናል። ብሎኩን ረዥም ጎኑ ሰሜንና ደቡብ እንዲያይ አድርጎ ማቆም አንድ ብር አይጠይቅም፤ በወረቀቱ ላይ ሕንፃውን ማዞር ብቻ ነው የሚፈልገው። በእኛ ሳይት ግን አንድ ዓይነት ብሎክ በየአቅጣጫው ዞሮ ስለቆመ፣ ከዕጣው ጋር ፀሐይ የደረሰውና ብርድ የደረሰው ሰው ተለያይቷል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። በከተማችን በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ነው። 300 ካሬ ጣሪያ ያለው አንድ ብሎክ፣ አንድ አምስተኛው በትነትና በፍሰት ይባክናል ብንል እንኳ፣ በዓመት 288 ሺህ ሊትር ሊሰበስብ ይችላል፤ ለ20 አባወራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 14,400 ሊትር ይደርሰዋል። ሁሉንም ማጠራቀም አይቻልም፤ ነገር ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ክረምቱን በሙሉ ለሽንት ቤትና ለወለል እጥበት የሚሆነውን ከጣሪያው አሸንዳ ወደ ሮቶ ማውረድ ለየትኛውም የነዋሪዎች ኮሚቴ የማይከብድ ሥራ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ትንሽነቱ ራሱ ተስማሚነት ነው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ የአንድ ዘመናዊ ቤት ዋነኛ ጫና ከተሠራበት ሲሚንቶና ብረት ይመጣል፤ ለሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከሚቃጠለው ነዳጅ ሳይሆን ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ በመሆኑ፣ ነዳጁ ቢቀየርም ይህ አይቀርም። ያልተሞላ ስላብ ከሁሉ የሚሻል ቁጠባ ነው።

አሁን ስለ 175 ካሬው። ሕልሙን አላናንቅም፤ አጥር፣ የጓሮ ጎመንና ልጅ የሚሮጥበት ግቢ ማን ይጠላል? ነገር ግን ስሌቱን እንሥራ። ከአንድ ሄክታር ላይ 35 ከመቶው ለመንገድ፣ ለፍሳሽና ለጋራ አገልግሎት ሲነሣ 6,500 ካሬ ይቀራል፤ በ175 ሲካፈል 37 ቤት ይሆናል። ለ100 ሺህ ቤተሰብ 27 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ጠቅላላ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከከተማዋ ከሃያ አንድ እጅ የሚበልጥ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የቤት ቁጠባ መርሐ ግብሮች የተመዘገበው ሕዝብ ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ነበር። «ሰፊ መሬት» የተባለውም ባዶ አልነበረም፤ ጤፍና ስንዴ ሲዘራበት የኖረ፣ ገበሬው የሚተዳደርበት መሬት ነው።

አፈሩም ለዚህ አይመችም። በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ሜዳ ያለው መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። እዚህ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) መሙላትና መጠቅጠቅ አለበት፤ ይህን ዘልሎ የሠራ ሰው ግድግዳው በሁለተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሲሰነጠቅ ያያል። ያ ወጪ ለ20 ቤተሰብ ሲካፈልና አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲሸከመው እኩል አይሆንም። ርቀትም አለ፤ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ጫፍ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለን ሁሉ ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ ነን። ከተማው በ175 ካሬ እየተለጠጠ በሄደ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ጸሐፊው «ከከተማ አስወጥተው ጣሉን» ያሉት ቅሬታ ልክ ነው፤ ያቀረቡት መፍትሔ ግን ቀጣዩን ሰው ከእኛም አርቆ ይጥለዋል።

በቪላና በጂ+4 መካከል ያለውን አማራጭ ጽሑፉ አለማንሣቱ አሳዝኖኛል፤ እኔ የቤት ማኅበራት ሲያማክሩኝ ይህን ነው የማሳያቸው። ግድግዳቸውን የሚጋሩ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ፎቅ የረድፍ ቤቶች በ70 ካሬ ቦታ ላይ ቢሠሩ በዚያው ሄክታር 92 ቤተሰብ ይሰፍራል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ በርና ከኋላው ትንሽ ግቢ ይኖረዋል፤ ምጣዱ እዚያ ይቀመጣል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ምድር ቤቱን ብቻ ሠርቶ ይገባል፤ መሠረቱና ኮለኑ ለሚጨመረው ፎቅ የተሰላ ስለሆነ አቅም ሲኖረው ሽቅብ ያድጋል። ልጅ ሲያገባ የላይኛው ወለል የራሱ መግቢያ ኖሮት ሊለይ እንዲችል ደረጃው ከመግቢያው በር አጠገብ ይደረጋል።

በመጨረሻ ጸሐፊው ስለ ደረጃና ስለ አረጋውያን ወደ ጻፏቸው ሁለት መስመሮች ልመለስ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ቢጻፍ እወድ ነበር። በብሎካችን አሳንሰር የለም፤ እስከ አራተኛ ወለል 68 ደረጃ ቆጥሬያለሁ። እዚያ የሚኖሩ አንዲት እናት ጉልበታቸው ስለታመመ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይወርዳሉ፤ በሌላው ቀን ጠዋት ዘንቢላቸውን በገመድ ከበረንዳው ያወርዳሉ፣ የሱቁ ልጅ ዳቦና ሽንኩርት ጨምሮበት ገመዱን ሁለት ጊዜ ይጎትታል፣ እርሳቸውም ቀስ እያሉ ያወጡታል። ለእኚህ ሴት የቤታቸው ስፋት 30 ካሬ ይሁን 100 ምንም አይለውጥም። መንገድ ዳር ያሉ ምድር ቤቶች በጨረታ ለሱቅ ይሸጣሉ፤ ማን የትኛው ወለል ላይ እንደሚኖርም የሚወስነው ዕጣ ነው። ወደ ውስጥ የሚያዩት የምድር ቤት ክፍሎች ደረጃ ለማይችል ሰው ቢያዙ፣ በራቸው 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ደፍ ባይኖረው፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ባለቤቶች ወለል ለመቀያየር የሚያስችል ቀላል አሠራር ቢኖር፣ የጸሐፊው ትልቁ ቅሬታ አንድ ካሬ ሳይጨመር ይቃለል ነበር። በእኛ ብሎክ ሐሳቡን ለኮሚቴው አቅርበናል፤ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከእኚህ እናት ጋር ለመቀያየር ፈቃደኛ ሆነዋል፤ አሁን የቀረን የሁለቱን ቤቶች ካርታና የባንክ ውል ማዛወር ነው።